አንዴ ብቻ የሚጠይቁበት ቤት

መንበሩ እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ግራጫ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በእንግዳ ማረፊያው ቁርስ ቤት ተቀመጠ። አዲስ አበባ ባለ አንድ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ውስጥ የሞዴል ክፍል አናጢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪዎቹን ቤት በካርቶንና በቀጭን እንጨት ሲሠራላቸው ኖሯል፤ እነሱ ተመርቀውበት ይሄዳሉ፣ እሱ የግራ አውራ ጣቱን ጫፍ ለመጋዝ ገብሮ እዚያው ቀርቷል። የዴንማርክን የቤት አሠራርና አኗኗር ሊያዩ የመጡትን ዐሥር ተማሪዎችና መምህራቸውን ዶክተር አንተነህን ተከትሎ የመጣውም፣ ለአስተናጋጆቹ በስጦታ የሚሰጠውን የሐረር ቤት ሞዴል ሳይሰብር የሚያደርስ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው።

አሳላፊዋ ዳቦ ልጨምርልህ ወይ ብላ በእጇ ጠየቀችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "በቃኝ" አለ፤ ደግማ እስክትለው ሲጠብቅ ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ተማሪዎቹ ሳቁ።

"ጋሽ መንበሩ፣ እዚህ አገር በሞቴ የለም" አለችው የተማሪዎቹ ተጠሪ ቤርሳቤህ። "አንዴ ነው የሚጠይቁት።"

ለቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን ከሌሎቹ ቂሞቹ ጋር አስቀመጠው።

በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ተሻግረው፣ በአውቶቡስ ተጉዘው ደሴቲቱ ዳር ያለው አሮጌ ቤት ሲደርሱ ረፋድ ነበር፤ ሰማዩ ግን ሊመሽ የተቃረበ ይመስል ነበር። የቤቱ ምሰሶዎች ከተሰበሩ መርከቦች የተለቀሙ ናቸው፤ ክዳኑ የባሕር ሣር ነው፣ ክንድ የሚያህል ወፍራም፣ ያልተበጠረ ፀጉር መስሎ መስኮቶቹ ላይ የሚወርድ። ውስጡ ሲገቡ የነፋሱም የባሕሩም ድምፅ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ጨው ይሸታል፣ ቅጥራን ይሸታል፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ዛሬ የተላገ እንጨት ይሸታል። ይሄኛው መንበሩን ከነከነው። የፍቅፋቂ ሽታ ሁለት ቀን አይቆይም፤ እዚህ ቤት ግን መቶ ዓመት ሙሉ ሚስማር የመታ የለም ተብሏል።

የቤቱ ጠባቂ ኢንገር የምትባል ረዥም አሮጊት ናት። ዶክተር አንተነህ ሞዴሉን ሲያስረክባት፣ ተማሪዎቻችን የሠሩት ነው አላት። ይህ ሰው ተማሪ ሳለ ካርቶን መቁረጥ ያስተማረው መንበሩ ነበር። ዛሬ እንኳ ስሜን ይጠራል ብሎ ሸሚዙን የተኮሰው መንበሩ። አሮጊቷ ዶክተሩን አላየችም፤ ያየችው የመንበሩን እጆች ነበር።

አኩርፎ ብቻውን በመሰላል ቆጡ ላይ ወጣ። በእጅ መዳፍ ልክ ከሆነች መስኮት በምትገባው ብርሃን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሞዴል አየ፤ ራሱ ቤቱ ነው፣ ከነባሕር ሣሩ። ሙጫ የለው፣ መጋጠሚያ የለው። በየክፍሉ ጣት የሚያህሉ የእንጨት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብሎ አያቸው። ጥፍር አላቸው። አንደኛዋ አፏን ከፍታለች፣ ጥርሶቿ ተቆጥረው ያልቃሉ።

ቤርሳቤህ ከመሰላሉ ሥር ተጣራች። "ጋሽ መንበሩ፣ ምሳ ቀርቧል፤ አይመጡም?"

"እናንተ ብሉ፤ እኔ አልራበኝም" አለ፣ ደግማ እንድትለው በቂ ጊዜ ሰጥቶ።

"እሺ" ብላ ሄደች።

እሺ። አገር ቤት ቢሆን እጅጌውን ይዛ ትጎትተው ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ይለምነኛል እያለ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ከታች የማንኪያ ድምፅና ሳቅ መጣ። ቆይቶ ደግሞ፣ በጣም ቀጭን፣ መሮ እንጨት ሲፍቅ ሰማ፤ ከታች ግን አልነበረም። በሞዴሉ ቆጥ ውስጥ፣ ቅድም ባዶ በነበረው ቦታ፣ ገና ፊት ያልወጣለት የእንጨት ሰው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሏል። ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። መንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ ለእንጨቱ ሰው ጆሮ ወጥቶለታል። የግራ አውራ ጣቱ ጫፍ የለውም።

ዘወር አለ። ኢንገር መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ስትወጣ አልሰማትም። በአንድ እጇ ታች ያለውን ብርሃን አሳየችው፣ በሌላው እሱን፣ ከዚያ ቅንድቧን አንሥታ በለሆሳስ አንድ ነገር ጠየቀችው። ትወርዳለህ ወይ እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ነፍሱ ልወርድ አለች። ግን ተማሪዎቹ እያሉ፣ በእሷ ልመና? ደግሞስ በአንድ ቃል ተነሥቶ የሚከተል ምን ዓይነት ሰው ነው? እጁ ራሱ፣ እንደ ለመደው፣ ደረቱ ላይ ሄደ።

"በቃኝ።"

አሮጊቷ በአክብሮት አንገቷን ነቀነቀች፤ ወርዳም የቆጡን መዝጊያ ከታች ዘጋችው።

ያን ጊዜ ሮጦ ደበደበው። የሚሰማው እንጨት በእንጨት ሲመታ ነበር። ልጩህ ቢል አፉ ተከፍቶ ቀረ።

በመስኮቷ አውቶቡሱ ይታያል። ቤርሳቤህ በሩ ላይ ቆማ እየቆጠረች ታስገባለች፤ ዐሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በዝግታ ወደ እሷ መጣ። ዐሥራ ሁለት አለች፣ ሳትደነግጥ። ከምሳ ያስቀረችለትን ዳቦ ዘረጋችለት፤ ሰውየውም በአንዴ ተቀበላት።