የአርባ አንድ ዓመት ፍልውሃ

ቨርና ሰማያዊውን የዋና ልብስ የገዛችው በመስከረም ነበር። ይኸው የካቲት ሊያልቅ ነው፣ ልብሱ ገና ከነላስቲኩ ሻንጣዋ ውስጥ ተኝቷል። ሻንጣው ደግሞ ፒክአፑ ውስጥ፣ በደረቀ ዓሣ ጆንያና በውሻ ካልሲ ክምር መሃል ተቀርቅሯል።

ሽርሽር ማለት ለእነሱ ይኼ ሆኗል እንግዲህ። ባሏ አርቪድ ሠላሳ ዓመት የመንገድ በረዶ ጠርጎ ጡረታ ሲወጣ፣ ከእንግዲህ አንቺና እኔ ብቻ ብሏት ነበር። ምን ያደርጋል፤ በዚያው ክረምት ልጃቸው ቲልዳ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ መወዳደር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ እሷ በጫካ ታቋርጣለች፣ እነሱ በመኪና ቀድመው በየማረፊያ ጣቢያው ይጠብቋታል።

የፍልውሃው ቃል ግን ከቲልዳም ይቀድማል። ያኔ አርቪድ ራሱ ተወዳዳሪ ነበር፣ ቨርና ደግሞ ጣቢያ ላይ ቆማ የሚገቡና የሚወጡ ተወዳዳሪዎችን የምትመዘግብ በጎ ፈቃደኛ። የእግር ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ስታለቅስ አያትና፣ ለውሾቹ ምግብ ያሞቀውን ውሃ በባልዲ አቅርቦ እግሯን ነከረላት። አንድ ቀን እውነተኛው ፍልውሃ እወስድሻለሁ አላት። እሷን ሲያሞቅ ዘግይቶ ውድድሩን ከሁሉም መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ፣ በዓመቱ አገባት። ፍልውሃው ግን ነገ፣ ነገ እየተባለ አርባ አንድ ዓመት ሆነው።

ዘንድሮ ቁርጡን ነገረችው። ፍልውሃው ዛሬ ቲልዳን ከሚጠብቁበት ጣቢያ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ማደሪያ ክፍል ለዛሬ፣ ለጋብቻቸው አርባኛ ዓመት፣ ራሷ ይዛለች። ቲልዳ ረፋድ ላይ ደርሳ ስታልፍ እነሱም ይነሳሉ። እምቢ ካለ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፍልውሃ እንዳያነሳባት።

ረፋዱ አለፈ፣ ቀትሩም አለፈ። ቲልዳ ብቅ ስትል ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። የውሾቹ ማሰሪያ ተጠላልፏል፤ መሪዋ ውሻ ዊሎው የፊት እግሯን ታነክሳለች።

ሕጉ ክፉ ነው፤ የቤተሰብ እጅ ጋሪውን ከነካ ተወዳዳሪዋ ትሰረዛለች። አርቪድ እጆቹን ወደ ኋላ አቆላልፎ ቆመ፣ ጣቶቹ ግን ይቁነጠነጣሉ። ቨርናን የሚያበሽቃት ይኼው ነው፤ መንገድ ሙሉ ነድቶ ለመገተር መምጣት። ቲልዳ ከቋጠሮው ጋር እየታገለች ቀና አለችና የሁለቱን ፊት ፈለገች። ባየቻቸው ጊዜ ትከሻዋ ለቀቅ አለ። ቨርና ልጅቷን እንኳ መቆጣት አቃታት፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

የእንስሳት ሐኪሟ ዊሎው መቀጠል አትችልም አለች። ከውድድር የወጣ ውሻ ለቤተሰብ ነው የሚሰጠው፤ ቲልዳ በቀሩት ውሾች ልትቀጥል ጣቢያው ውስጥ ትዘጋጃለች። እግሯ እስከ ነገ በየሁለት ሰዓቱ መታሸት አለበት፣ ፍልውሃው ደግሞ ውሻ አያስገባም።

«በቃ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ» አለች ቨርና።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ውሻዋን ጥዬ ልሂድ?»

«ያኔ ሳታውቀኝ ውድድርህን ጣልክልኝ። ካወቅከኝ ወዲህ ምን ጣልክልኝ?»

 አርቪድ ዊሎውን ፒክአፑ ውስጥ አስተኝቶ ወደ ጣቢያው ሄደ።

ቨርና ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ሃያ ደቂቃ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። ከወንዶቹ ጋር ቀልድ ይዟል፣ መቼም ልማዱ ነው፤ ማንም በጠራው ቁጥር እየሮጠ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ወደ ሹፌሩ ወንበር ተዛውራ ሞተሩን አስነሳች።

በሩ ተከፈተ። አርቪድ እንፋሎት የሚተን ባልዲ ተሸክሟል።

«ለዊሎው ከሆነ ውሻዋንም ይዘህ ውረድ፤ እኔ ልሄድ ነው።»

«ጠጋ በይና ጫማሽን አውልቂ።»

ባልዲውን አየችው፣ እሱን አየችው። የዓሣ ሽታ አፍንጫዋን መታት።

«ይሸታል» አለች።

«ያኔም ይሸት ነበር።»

«ያኔ ሞኝ ነበርኩ።»

ጫማዋን ግን አወለቀች። እግሯን ስትነክር ሙቀቱ እስከ ጉልበቷ ወጣ፣ እንባዋም አብሮ መጣ። አርቪድ ከጎኗ ተጣቦ ገብቶ ጎንበስ አለና እግሯን ያሽ ጀመር።

«ደውዬ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ክፍሉን ለመጋቢት አዛወሩልኝ።»

«በመጋቢት ቲልዳ ውድድር አላት።»

«ነግሬያታለሁ። ሌላ ሰው ትፈልግ።»

ቨርና ሞተሩን አጠፋች። ወዲያው መስኮቱ ተንኳኳ፤ የጣቢያው ኃላፊ ኦሪን ነው። መግቢያው በበረዶ ተዘግቷል፣ እንዳንተ የሚጠርግ የለም፣ ቶሎ ና አለ። አርቪድ መስታወቱን በትንሹ ዝቅ አደረገ። አንዱ እጁ ግን ውሃው ውስጥ እንዳለ ነው።

«ዛሬ አይመቸኝም» አለው። «ባለቤቴ ፍልውሃ ገብታለች።»