ያልቀዘቀዘው መታወቂያ

መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰማሁት።

እርርርር... ቀስ ብሎ፣ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው።

መታወቂያ በላስቲክ የምናሽግበት የላሚኔት ማሽን ነበር። መብራት ከጠፋ ግን ሁለት ሰዓት አልፎታል።

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ለአስራ አንድ ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው። ፀሐይዋ እንኳ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። የምሠራባት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፖሊስ ፍተሻው ፊት ለፊት ናት። ሰው ሲቆም፣ ኪሱን ሲዳብስ፣ ሲያልፍ... ሳይ እውላለሁ።

ግን ከሦስት ወር በፊት ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

ታላቅ ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነው። መታወቂያው የቀለም ባልዲ ውስጥ ወድቆበት ፎቶው ሊላቀቅ ደረሰ። በአዲስ ላስቲክ ላሽግልህ ብዬ ወሰድኩት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ አለ።

"ደመናው፣ አለቀ?"

ሁልጊዜ ሰማይ ሰማይ ስለማይ እሱ ነው ይህን ስም ያወጣልኝ።

"አሁን ከማሽኑ ወጣ። ትኩስ ነው። ሳይቀዘቅዝ ኪስህ ከከተትከው ይጣመማል።"

ትኩስ ካርድ የምናቀዘቅዘው ወፍራም መዝገበ ቃላት ሥር አድርገን ነው።

"አስር ደቂቃ ጠብቅ" አልኩት።

"አስር ደቂቃ? አለቃዬ በቁሜ ነው የሚቀብረኝ! ስመለስ እወስደዋለሁ።"

"ፍተሻውስ?"

"የዚህን ሰፈር ግማሽ የቀባሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ይመስክርልኝ!"

እየሳቀ ወጣ።

ካርዱ ተጣሞም ቢሆን ቢይዘው ምን ነበረበት? ይሄን ራሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሲያስቆሙት እንኳ አላየሁም። ሰማይ እያየሁ ነበር። አንድ ተሸካሚ እያለከለከ መጥቶ "ወንድምህን መኪና ላይ ጫኑት" ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ካርዱን ይዤ፣ እናቴን አስከትዬ ጣቢያ ሮጥኩ። ተረኛው ፖሊስ ካርዱን አገላበጠ።

"ይሄ መታወቂያ አለው።"

"አዎ ጌታዬ፣ እሱ ነው፣ ቅድም..."

"ዛሬ የያዝነው መታወቂያ የሌላቸውን ነው። ይሄ አለው። ስለዚህ እኛ ጋ የለም።"

እናቴ ጠረጴዛውን ጨብጣ ያዘች።

"የወለድኩት እኔ ነኝ! መታወቂያው እኔ ነኝ!"

"እማማ፣ ሕግ ነው። ሌባውን ከጨዋው በምን እንለየው? ሰው ማንነቱን ኪሱ ይያዝ።"

ክፉ ሰው አይመስልም። ወንበር ስቦ አስቀምጧታል። ሌባ የዘረፈው ሰው ቢሰማው እውነቱን ነው ይለው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄው ነው።

ያላንኳኳነው በር የለም። መልሱ አንድ ነው፦ የለም... የለም... የለም።

ካርዱን መልሼ መዝገበ ቃላቱ ሥር አስቀመጥኩት። ማታ ሱቁን ስዘጋ ነካሁት።

ትኩስ ነው።

በሳምንቱም ትኩስ ነው። ልክ አሁን ከማሽን እንደወጣ...

ለእናቴ ነገርኳት። ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

"ሙቀቱ አለ" አለች በሹክሹክታ። "ልጄ አለ።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ እየመጣች ትነካዋለች። ሳትነካው እህል አትቀምስም።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ።

ማሽኑ እርርርር ይላል። ሶኬቱን አየሁ። ተነቅሏል።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። ትኩስ ቀለም።

ቀና ስል... ወንድሜ ባንኮኒው ጋ ቆሟል።

ያኔ ጠዋት የለበሰው ቱታ ነው። ክንዱ ላይ ያለው ነጭ ቀለም ገና አልደረቀም። ይንጠባጠባል። ወለሉ ላይ ግን... ምንም የለም።

"ቀዘቀዘ?" አለኝ።

እጄን መዝገበ ቃላቱ ላይ ጫንኩ።

"ደመናው... ቀዘቀዘ?"

"አ... አልቀዘቀዘም። ያዘው! ቢጣመምም ግድ የለም፣ ብቻ ያዘው!"

መዝገበ ቃላቱን አንስቼ ካርዱን ገፋሁለት። ፎቶውን በአንድ ጣቱ ነካ። ረጅም ጊዜ አየው... የት እንዳየው የጠፋበትን ሰው እንደሚያይ።

"አስር ደቂቃ ብቻ ቆይ" አልኩት። "እማዬ ትመጣለች። አስር ደቂቃ..."

ፈገግ አለ። ካርዱን ሳያነሳ ዞሮ ወጣ።

ማሽኑ ቀጥ አለ።

በመስኮቱ ተከተልኩት። ፍተሻው ላይ አንዲት ተማሪ አስቆሙ። አንድ ሽማግሌ አስቆሙ። እሱ በመካከላቸው አለፈ። ማንም መታወቂያ አልጠየቀውም።

ከወዲያ ማዶ እናቴ ቦርሳዋን አቅፋ ትመጣለች። ትከሻ ለትከሻ ተላለፉ። አላየችውም። እሷን አስቆሟት።

ካርዱን ነካሁት።

እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

በማሽኑ እንዳላሞቀው መብራት የለም። እናቴ መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ወደ እኔ መንገዱን መሻገር ጀመረች። ካርዱን ብብቴ ሥር ከትቼ በሙሉ አቅሜ ጨመቅኩት።

ወንድሜ ወደ ቤታችን ከሚያስገባው መታጠፊያ ደረሰ... ሳይታጠፍ ሄደ።