አልንቀሳቀስ ያለችው ቀስት

«እስቲ አንቺ ሞክሪው፤ እኔ ላብድ ነው» አለች እናቷ ላፕቶፑን ወደ እሷ እየገፋች።

ልጅቷ ጣቷን ተችፓዱ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አመላለሰች። ቀስቷ ስክሪኑ መሐል ቆማ ፍንክች አላለችም። እናትየው በማታ ስትማር ከርማ የጻፈችውን የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልላከች ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል። ገና የሚስተካከሉ ሠንጠረዦች አሉ። ማውሱን ደግሞ አርብ ከሥራ ስትወጣ ቢሮ ረስታዋለች፤ ቢሮው እስከ ሰኞ ዝግ ነው።

«ምን ነካው ግን?» አለች እናትየው።

ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ጊዜ የድሮውን ሲስተም አጥፍታ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም የጫነችበት ልጅቷ ናት። ማሽኑ እንደ አዲስ ሲፈጥን ቤተሰቡ «ኢንጂነሯ» ብሎ ሰየማት፤ ስሙም ተመችቷታል። አሁን ጥፋቱ የሊኑክስ ከሆነ የእሷ ነው ማለት ነው። እናቷም አንዴ «ሁለተኛ እንዳትነኪው» ካለች አለች ነው። እናም አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«ሮብ ዕለት ጩጬው ጁስ ደፍቶ አልነበር? እሱ ገብቶበት ይሆናል» አለች።

ጁሱ ላፕቶፑ አጠገብ እንኳን እንዳልደረሰ ታውቃለች። ጠረጴዛውን የወለወለችው ራሷ ናት።

ጩጬው የስምንት ዓመት ወንድሟ ነው። ተጠርቶ ሲቆጡት ጠብታ እንኳን አልነካውም ብሎ ማለ፤ ማን ሰምቶት። የዕለቱ ኳስ ቀረበትና እያለቀሰ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ልጅቷ ለቅሶውን ላለመስማት ብላ በኪቦርዱ ብቻ ከማሽኑ ጋር ትግል ገጠመች።

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ ማሽኑ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች እንዲዘረዝርላት አዘዘችው። ኪቦርድ አለ። ተችፓድም አለ። አልተቃጠለም ማለት ነው። ከሥሩ ግን «ማውስ» የሚል አየች። የምን ማውስ? ማውሱ ያለው ቢሮ ነው። ላፕቶፑን አዙራ ጎኑን ስትመለከት የገመድ አልባው ማውስ መቀበያ፣ ያቺ ጥፍር የምታክል ነገር፣ እንደተሰካች ተረስታለች።

ያኔ ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። እናቷ ስትጽፍ መዳፏ ተችፓዱን እየነካ ቀስቷን ስለሚያዘልልባት፣ ማውስ ሲኖር ተችፓዱ እንዲጠፋ ሴቲንጉ ላይ ያዘዘችው ራሷ ልጅቷ ናት። ምስኪኑ ላፕቶፕ ማውስ አለ ብሎ የታዘዘውን ሲፈጽም ነው የዋለው። መቀበያዋን ነቀለችና ጣቷን አንሸራተተች። ቀስቷ ሽው አለች። ልጅቷም «ሠራ!» ብላ እናቷን ጠራች።

እናትየው ሠንጠረዦቹን አስተካክላ፣ ጽሑፏን ልካ፣ «ደርሶናል» የሚለውን መልስ ስታይ ልጇን እቅፍ አድርጋ ሳመቻት።

«ጁሱ ደረቀ ማለት ነው፤ ተመስገን» አለች።

ልጅቷ ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልፋል። ማንም አይጠይቃትም፤ ጩጬውም ነገ ይረሳዋል። ይረሳዋል? እሷ ራሷ በልጅነቷ ምላ ያልታመነችበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

«እማዬ፣ ጁሱ አይደለም» አለች። «ጭራሽ አልነካውም። ተችፓዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ሳላውቅ ነው። ጩጬው ላይ ያላከክሁት ግን አውቄ ነው።»

እናትየው እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳች። ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቅር ሲላት ታየ።

«የላፕቶፑን በኋላ እንነጋገራለን» አለች ቀስ ብላ። «አሁን ማን ጋ መሄድ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ፊቱን እንዴት እንደምታይ ግን አታውቅም። ቢሆንም ተነሳች፤ ስትነሳም ቅድም ቀስቷ ስትንቀሳቀስ ከተሰማት ይበልጥ ቅልል አላት። በዚያ ቤት የጩጬውን በር አንኳኩቶ የገባ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሁሉም በርግዶ ነው የሚገባው። እሷ አንኳኳች፤ «ግቢ» እስኪላትም ደጅ ቆማ ጠበቀች።