ከአለቃዋ ጎን

ሽቦ ከባንዲራው ምሰሶ ጋር ተላትሞ «ይቅርታ ጋሼ» ሲል ከኋላው የነበሩት የክፍሉ ልጆች በሙሉ ሰሙት። ሳቁ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ተሰማ። እሱን ያስጨነቀው ሳቁ አልነበረም፤ ከሳቂዎቹ መሃል የክፍል አለቃዋ ትኑር አትኑር ማየት አለመቻሉ ነው። በዚያ መነጽር እንኳን ሰው፣ ምሰሶም አይታይም።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር የልጁ ዓይን ደህና ነው። ሽቦ ያሉት ቁመቱ ሲመዘዝ ጎኑ አሻፈረኝ ስላለ ነው እንጂ፣ ዓይኑስ ከመጨረሻው ዴስክ ሆኖ የመምህሩን ማስታወሻ የሚያነብ ዓይን ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ከሁለት ወር በፊት አለቃዋ ቀሪ ስትመዘግብ ስሙን ጠራችና ቀና ብላ «አለህ?» አለችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የለም።

አለቃዋ የምትቀመጠው ፊት ነው። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት ዓይኑን በጨው ታጥቦ ስም ጠሪ መምህሩ ዘንድ ሄደና «ቲቸር፣ ሰሌዳው አይታየኝም» አለ። መምህሩ አዘኑለት። ከአለቃዋ ጎን ይቀመጥ የነበረውን፣ ዝም ከማለቱ የተነሳ ጭምቱ የሚባለውን ልጅ አስነሱት። ጭምቱ ደብተሩን ሰብስቦ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ኋላ ሄደ። ሽቦ በቦታው ተሰየመ። ከኋላው ያሉት ልጆች ሰሌዳውን ለማየት አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ማዝመም ጀመሩ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብሎ ነበር። መምህሩ ግን እናቱን አስጠሩ።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። «ሳታይ ነው እስከ ዛሬ የተማርከው? አፈር ልብላልህ የኔ ልጅ» ብላ የጀመረችውን ቀሚስ መኪናው ላይ ትታ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፊደል የቤት በር ያህላል። ከዋሹ አይቀር ብሎ «በግ መሰለኝ» አለ። እናቱ አለቀሰች።

መነጽሩ መጣ። እንዳይወድቅ ብላ በቁልፍ መትከያ ወፍራም ክር ከማጅራቱ ጥብቅ አድርጋ አሰረችለት፤ በላዩ አሾልኮ እንኳን ማየት የለም። እንዳያወልቀውም መምህሩን አደራ አለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ከአለቃዋ ጎን ተቀምጦ ፊቷን አንድ ቀን አላየውም። ፍቅር ያሳውራል ሲባል ሰምቶ ነበር፤ በሐኪም ትእዛዝ እንደሆነ ግን የነገረው የለም። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ብስኩት ይዞ መጣና፣ ከጎኑ ለቆመው ጥላ «ላንቺ ብዬ ነው ያመጣሁት» ብሎ ሰጠ። የስፖርት መምህሩ ተቀብለው በሉ። «ተባረክ» ያሉት በዚያ በወፍራም ድምፃቸው ነው።

ከምሰሶው ጋር በተላተመበት ቀን፣ በእረፍት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ግንባሩን ሲያሻሽ አለቃዋ መጣች።

«ሽቦ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

«የፈለግሽውን» አለ።

«መነጽርህን ለአንድ ደቂቃ ታውሰኛለህ? ለጭምቱ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሱ ሰሌዳ አይቶ አያውቅም። እዚህ ሲቀመጥ ከኔ ደብተር ነበር የሚገለብጠው። ኋላ ከሄደ ወዲህ ግን ጉድ ሆኗል፤ ያለፈውን ፈተና ባዶውን ነው የመለሰው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። አንተ ግን ያው እንደሱ ስለሆንክ ይገባሃል ብዬ ነው።»

ሽቦ ክሩን ፈታ። መነጽሩ ሲወልቅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፊቷን አየው፤ እሷ ግን የምታየው ከኋላ ዴስክ የሚመጣውን ጭምቱን ነበር።

ጭምቱ አደረገው። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

«ቅጠሎቹ ለየብቻቸው ናቸው እንዴ?» አለ።

ወደ ሰሌዳው ዞረና ያልጠፋውን የሒሳብ ጥያቄ በለሆሳስ አነበበ። እስከ መጨረሻው አነበበው። ወዲያው ግን ያጠፋ ይመስል አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና በሁለት እጁ ዘረጋለት። «አመሰግናለሁ። እንካ፣ አንተም ሳታይ እንዳትቀር።»

ደወሉ ተደወለ። አለቃዋ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አንስታ ሽቦን «ና፣ ተቀመጥ» አለችው። ሁለት ወር ሙሉ የተመኘው ይህንን ነበር። ቢቀመጥ ማንም አያውቅበትም። ባይቀመጥ እሷም፣ መምህሩም፣ እናቱም ያውቃሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ምድር ግን መቼ ሰምታ ታውቃለች? እጁን ወደ መነጽሩ ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«አድርገው» አለው ጭምቱን። «እኔ ይታየኛል።»

«እንዴት ነው የሚታይህ?» አለች አለቃዋ።

«ድሮም ይታየኝ ነበር።»

መነጽሩን አየች፤ ዓይኑን አየች። ከዚያ ነገሩ ገባት፤ ሲገባት ፊቷ ላይ አንድ በአንድ ታየው። ቦርሳዋን መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላም አነሳችውና ጭምቱን በእጇ ጠራችው።

ሽቦ ደብተሩን ይዞ ወደ መጨረሻው ዴስክ ሄደ። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለው። ስም ጠሪ መምህሩ ገቡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ዞር ሲሉ አዩት።

«አንተ፣ ማን ነው ወደ ኋላ የመለሰህ?»

ክፍሉ ሁሉ ዞረ፤ ከአለቃዋ በስተቀር። ሽቦ ብድግ አለ።

«ራሴ ነኝ ቲቸር» አለ። «ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይጠብቁኝ፤ የምነግርዎ አለኝ። እናቴም ብትሰማው ጥሩ ነው።»