ከግራ እግሬ ሥር የቆፈረው

በ2015 ዓ.ም. ነው፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ጥርሴ ተራግፎ ክንዴ ግን ገና ዲጂኖ ያነሳ ነበር፣ እና አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ወሬ ሲጀምር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ወርቄ በቀትር ዛፍ ሥር አትቀመጥ ስትለኝ ሆን ብዬ ሄጄ የምቀመጥ ነኝ፣ ይህን የምጽፍልህ እንዲህ ያለው ሰው ነው፣ ፊደሌ ከቄስ ትምህርት ቤት የተረፈች ናትና ስህተቱን ቻለው።

ሥራዬ ቁጥቋጦ መንቀል ነው። አትሳቅ። ኬንያ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ሻይም ሸጫለሁ፣ ጎማም ጠግኛለሁ፣ እንጀራ የሆነኝ ግን ይሄ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ቦንሳይ የሚሉት ነገር አለ፣ ቁጥቋጦውን ዝርግ ሳህን ላይ ይተክሉና እያሰሩ እየቆረጡ ድንክ አድርገው ሳሎን ያስቀምጡታል፣ ለዚህ ደግሞ የሚፈለገው በረሃ ላይ ፍየል እየቀነጠበው፣ ድርቅ እየቀጣው ያረጀ ነው። እኔ የማወጣው ግንዷ ከታች እንደ እንስራ የተነፋ፣ ቅጠል ሳይኖራት ቀይ አበባ የምታወጣዋን ነው፣ ቦርጫሟ እላታለሁ።

ነቀላው መላ አለው። አሮጊቷን በአንድ ቀን ከነቀልካት ትሞትብሃለች። መጀመሪያ ግማሽ ጎኗን ብቻ ትቆፍራለህ፣ ሥሯ እንዳይላጥ ጫር ጫር ጫር ታደርግና አፈሩን በአፍህ እፍ ትላለህ፣ ረጃጅሙን ሥር አግድም ትቆርጣለህ፣ ቁስሉን አመድ ትቀባለህ፣ ከዚያ አፈሩን መልሰህ፣ በመዳፍህ መታ መታ አድርገህ ትተዋታለህ። ዝናብ ሲጥል ለሌላው ጎኗ ትመለሳለህ። ያን ጊዜ እንደ ጥርስ ወልቃ ትመጣለች።

ያን ዕለት ጉዮ በሞተር ወሰደኝ። ጉዮ የቦረና ሰው ነው፣ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ነጂ፣ ከሚስቱ ፊት ይልቅ የኔን ፊት ያያል፣ ከዳበል መንደር መንገድ ገባ ብለን ወደ አንድ ላጋ ወረድን፣ ዝናብ ካልመጣ ውሃ የማያይ ደረቅ ወንዝ ማለቴ ነው፣ እና ከአፋፉ ጫፍ ላይ ምን የመሰለች ቦርጫም ተቀምጣለች፣ ሆዷ ከአፈሩ ወጥቶ ወደ ወንዙ ተንጠልጥሏል።

«ምዜ፣ ይቺ በዕድሜ አንተን ትበልጣለች» አለኝ፣ ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለት ነው።

«በቦርጭ ግን አንተን አታክልም» አልኩት።

ሳቀ፣ የተቆፈረ ሥሯን የምንሸፍንበትን ጆንያ የምናረጥብበት ውሃ ረስተን ስለነበር ጀሪካኑን አሰረና ሞተሩን አስነሳ። «ዳበል ደርሼ ሀራካ፣ ቶሎ እመለሳለሁ። እስክመጣ ከሥሯ እንዳትገባ፣ ሰማህ ምዜ? ይሄ አፈር ሰው ይበላል።»

«አፈር ማንን ትቶ ያውቃል፣ ሂድ!» አልኩት።

ሄደ፣ እኔም ገባሁ። ሥሯ እስከ የት እንደሚወርድ ሳላይ አይሆንልኝም፣ ከአፋፉ ግርጌ ጉድጓድ ቆፍሬ ቆሜበት ወደ ላይ ስጭር፣ እመነኝ፣ ድምፅ እንኳን አልሰማሁም፣ ግድግዳው እንዳለ መጣብኝ። አቧራው ሲገለጥ እስከ ደረቴ ተቀብሬ ቆሜአለሁ፣ ቀኝ እጄ አብሮ ተቀብሯል፣ ቦርጫሟ ከራሴ በላይ በአንዲት ሥር ተንጠልጥላ ቀርታለች። በግራ እጄ አሸዋውን ስዝቀው ተመልሶ ይፈሳል፣ ስወራጭ እሷ ከላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንፋሽ ባወጣሁ ቁጥር ደግሞ አፈሩ የለቀቅሁትን ቦታ ይይዝብኛል፣ ስስብ ግን አይመልስልኝም። ጉዮ ብዬ ጮህኩ፣ ማን ሊሰማኝ። ፀሐይ አናቴ ላይ ናት፣ ቀትር ነው።

መጀመሪያ ጃርት መሰለኝ። ከግራ እግሬ በታች ጫር ጫር ጫር አለ። ቆመ። ከዚያ እፍ አለ።

እግር ሲደነዝዝ ብዙ ያሰማል ትለኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ ያልኩት እሱን ነው። ግን እንደገና ጫር ጫር ጫር፣ እፍ። ጃርት እፍ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ቀጥሎ የግራ ጫማዬ ማሰሪያ ላላ፣ ተጎትቶ አይደለም፣ ቋጠሮው ነው የተፈታው። ወርቄ ናት ጠዋት ያሰረችልኝ፣ እኔ ጎንበስ ማለት አልችልም፣ እሷ ደግሞ ስትቋጥር እንደ በሬ ገመድ ነው፣ እሱ ቀስ ብሎ አንዱን ፈታ፣ ሌላውን ፈታ፣ ጫማዬን አወለቀ፣ ካልሲዬን እንደ ልጅ ካልሲ ገፈፈ።

«ማነህ?» አልኩ። «ኤኙ?» አልኩ በኦሮምኛ። «ናኒ?» አልኩ በስዋሂሊ። በጠየቅሁ ቁጥር ይቆማል፣ ስጨርስ ይቀጥላል፣ ወሬኛ ደንበኛ እንደያዘው ሠራተኛ። አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ለይቶ አነሳው፣ በየመሃሉ ያለውን አፈር ጠረገ፣ እፍ ሲልብኝ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ቀጭ የሚል ሰማሁ። ቀጭ። ቀጭ። አላመመኝም፣ እንዳላመመኝ ሳውቅ ነው ያለቀስኩት። እግሬን ልስብ አልኩ፣ የኔ እንዳልሆነ ሁሉ እንቢ አለኝ። «ተው፣ ወርቄ ትጠብቀኛለች፣ እኔን ወዴት ትወስደኛለህ» አልኩት፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ጂን የለም ባዩ።

በመጨረሻ ቀዝቃዛ ዱቄት ነገር ቀባኝ፣ አፈሩን መለሰ፣ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ሄደ። ወደ ጎን ቢሄድ ኖሮ ዛሬም አውሬ ነው እልህ ነበር፣ ወደ ታች ነው የሄደው። ቀኝ እግሬን አልነካውም።

ጉዮ ሲመጣ ፀሐይ አዘንብላ ነበር፣ ጎማ ፈንድቶበት ነው የቆየው። «ምዜ! አልነገርኩህም? ጆሮህ ለጌጥ ነው?» እያለ፣ እየተሳደበ፣ እያለቀሰም፣ ቦርጫሟን በገመድ ከላይ አስሮ በምሳችን ሳህንም በእጁም እየዛቀ አወጣኝ። ቀኝ እግሬ ጫማው ላይ አፈር ተጋግሮ እንዳለ ነው። ግራው ባዶ ነው፣ እንደታጠበ ንፁህ፣ ጣቶቼ አመድ ተቀብተዋል፣ ከስንት ወር ጀምሮ አላስቆርጥ ያልኩት ጥፍሬ አግድም ተቆርጧል።

ጉዮ እግሬን ይዞ አመዱን በአውራ ጣቱ ጠረገው። «ጥፍርህን ማን ቆረጠልህ?» አለኝ።

«ወርቄ» አልኩት።

ጫማዬን እንፈልገው አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ቦርጫሟን እዚያው ትተናት ሄድን።

ቤት ስገባ የግራው ጫማዬ አፈር ውስጥ ቀረ አልኳት፣ ወርቄም እግሬን ልታጥብ ተቀመጠች። «ውይ! ጥፍርህን ቁረጥ ብዬ ስለምንህ ከርሜ፣ ዛሬ ማን ቆረጠልህ?»

«ጉዮ።»

«ቀኙንስ ቆርጦልሃል? በል ጫማህን አውልቅ።»

«አላወልቅም።»

«ከነጫማህ ልትተኛ ነው? ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

ከነጫማዬ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ ግን የለም። ወዲያው ነፋስ ተነሳ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ስንት ጊዜ ሰማይ ጠምዶን፣ ከብቱ አልቆ፣ ያን ዕለት ዝናብ ጣለ! ማንያታ በሙሉ ወጣ፣ ሴቱ እልል አለ፣ ጎረቤቱ ባልዲውን ሁሉ ደጅ ደረደረ፣ ወርቄ ነጠላዋ በስብሶ ገባችና «ተነስና እይ እንጂ፣ ምሕረት መጣ!» አለችኝ። እኔ ግን ለሌላው ጎን የሚመለሱት ዝናብ ሲጥል መሆኑን አውቃለሁና፣ ግድግዳውን ይዤ ተቀምጬ ወለሉን ነበር የማዳምጠው።

ሲነጋ ጭቃውን በአንድ ጫማና በአንድ ነጠላ ጫማ እየረገጥኩ ገበያ ወረድኩ፣ ጫማ ሰፊው ላስቲኩን ገና ሲወጥር ደረስኩበትና ቀኝ እግሬን ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩለት።

«አባባ፣ ምን ልሥራልህ? አልተቀደደም እኮ።»

«ማሰሪያውን አውጣና አፉን ዙሪያውን ስፋው» አልኩት።

«እግርህ ውስጡ እያለ?» ብሎ ሳቀ፣ ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። «በኋላ በምን ልታወልቀው ነው?»

«እያለ ስፋው» አልኩት።