ጫማውን አውልቆ የገባው ተማሪ

ተማሪው ሞቶ በተገኘ በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ የፊዚክስ ሕንፃውን ደረጃ ወጥታ ስትጨርስ፣ የሟቹ አባት ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ተነሥተው መንገድ ዘጉባት። የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ነገር ሳታጣራ አታሳልፍም።

«ልጄ፣ ፍርድም ካሳም አልሻም» አሏት። «ራሱን አጥፍቷል ይሉኛል። እውነት ነው? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

«እነግርዎታለሁ አባቴ» አለች፣ እንዲህ ያለ ቃል መግባት እንደሌለባት እያወቀች።

ልጁ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነበር። ለክረምት ምርምር ከአመለከቱት ሁሉ የተመረጡት እሱና አንዲት የክፍል ጓደኛው ብቻ ናቸው። የሞተው ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀዳበት መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ፈሳሹ ሲተን አየሩን ያባርረዋል፤ ሰውም ሳይታወቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ስለዚህ የግድግዳው ማራገቢያ መቆም የለበትም። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ነው፤ ጠፍቶ ነበር። የልጁ ጫማ በሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ ተገኘ። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ «ቆርጦ የገባ ሰው ነው» ብሎ ደመደመ።

መርማሪዋ ከፕሮፌሰሩ ጀመረች።

«ማራገቢያውን ማን አጠፋው?»

«እሱ ነዋ! ሙከራው አልሳካ ብሎት አንገቱን ደፍቶ ነው የከረመው። እኔ ስደርስ ሁሉም አልቆ ነበር።»

«የማስጠንቀቂያ ደወል የለም?»

«ተበላሽቷል። ይጠገንልን ብለን ከጠየቅን ቆየን።»

«በዚያ ሰዓት በመሣሪያ ልኬት የሚወስድ ሰው ነበር?»

«ማንም። እኔም ቢሮዬ የተማሪ ጽሑፍ ሳርም ነበር።»

የሟቹን ጠረጴዛ አየችው። መሣሪያው በላስቲክ እንደተሸፈነ፣ ናሙናውም በሣጥኑ እንደታሸገ ነው። የፕሮፌሰሩ ረዳት፣ ዓይኑ በልቅሶ የቀላ የዶክትሬት ተማሪ፣ የራሱን መሣሪያ ብትንትኑ እንደወጣ አሳያት።

«ክዳኑ ተሰንጥቆብኝ ቀኑን ሙሉ ወርክሾፕ ሳስበይድ ነበርኩ» አላት። የወርክሾፑ ሰዎችም ይህንኑ መሰከሩ።

ከልጁ ጋር የተመረጠችውን የክረምት ተማሪ ታች ኮምፒውተር ክፍል አገኘቻት፤ በዕለቱም እዚያው ነበረች።

«እዚህ ቤት ጫማ የሚወልቀው ለምንድን ነው?»

«ልኬት ሲኖር ነው። ኮቴ እንኳ መሣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል፣ በካልሲ ነው የምንሄደው። ማራገቢያውም ይረብሻል፤ ውስጥ ሰው ከሌለ ለትንሽ ጊዜ ያጠፉታል።»

«ለእናንተ ልኬትስ ይወለቃል?»

ልጅቷን ሳቅ አመለጣት። «ለእኛ? ለክረምት ተማሪ ማን ጫማ ያወልቃል!» ከዚያ ሳቋ ተቆረጠና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክዎ፣ እሷ ነገረችኝ እንዳይሉ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ ፕሮፌሰሩ ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበቻቸው። አባትየውም መጡ።

«ሁላችንንም ያሳሳተን ጫማው ነው» ብላ ጀመረች። «ልጁ ጫማውን ያወለቀው ለመሞት ሳይሆን ለልኬት ነው። እንግዲያው የሚለካ ሰው ነበረ ማለት ነው። ራሱ እንዳንል ናሙናው ከሣጥኑ አልወጣም። ጓደኛው እንዳንል ታች ነበረች፤ የእሷ ቢሆን ደግሞ ጫማውን አያወልቅላትም። የረዳቱ መሣሪያ ተፈታትቷል።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ፕሮፌሰሩ።

«አልጨረስኩም። የራሱ መሣሪያ ተሸፍኖ ሳለ ናይትሮጅን ለማን ሊቀዳ ገባ? ተልኮ ነው። የላከው ሰው መሣሪያ ከዚህ ግድግዳ ባሻገር ነው፤ ማራገቢያው ሲዞር ይርገበገብበታል። ወጥቶ አጠፋው፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረ?»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነበር» አለ። «ክረምቱን ሙሉ እንቢ ያለኝ ምልክት ድንገት ጥርት ብሎ ወጣ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ልጁን… ረሳሁት። ሳገኘው ጊዜ ደግሞ ፈራሁ።»

መርማሪዋ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ታውቀዋለች። ዐቃቤ ሕጉ ቸልተኝነት ይለዋል፣ ዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ነገሩም እየተንዛዛ ይረሳል። የሚቀጥለው ክረምት ተመራማሪዎች ጥሪ ከአሁኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቢያንስ ለእኚህ ሰው የገባሁትን ቃል ጠብቄአለሁ ብላ ወደ አባትየው ዞረች።

«ልጅዎ ራሱን አላጠፋም አባቴ። ታዝዞ ገብቶ ነው የሞተው።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ትናንት ሬሳውን ሲያሳዩኝ ብቻችንን ተዉን አልኳቸው» አሉ። «ከዚያ ሰደብኩት። ፈሪ አልኩት። እናትህን በሐዘን ገደልካት፣ ልጄ አይደለህም አልኩት።»



«አሁን ሄጄ ምን ልበለው?» አሉ አባትየው።