ሹምነሽ የዘለለችው ስም

የዘንጋር ግንብ የጠፋው ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አልፈረሰም፤ አልተቃጠለም። በጋሜራ መንግሥት ዳርቻ ሦስት መቶ ዓመት የቆመው ግንብ ከነአራት ማማዎቹ፣ በውስጡም ከነበሩት ስልሳ አንድ ሰዎች ጋር ከኮረብታው ላይ ታጣ። የግንቡ ባለቤት የሆኑት የሹምነሽ እናትም ውስጥ ነበሩ።

በዘንጋር ደንብ፣ በየዓመቱ በዚያ ጠዋት የባለቤቱ የበኩር ልጅ ከበሩ ውጭ ቆሞ ግንቡን የያዙትን ሁሉ በተራ በስማቸው ይጠራል። ድንጋዮቹ ይሰማሉ ይባል ነበር። ሹምነሽ ያን ዕለት ሰባት ስም መጥራት ሲገባት ስድስት ጠራች። አራተኛዋን፣ እመት ዛይራን፣ ዘለለች። ዛይራ የሹምነሽን ቅድመ አያት ለአንድ ክረምት ያስጠጉ መበለት ነበሩ፤ እንግዳው ግን ክረምቱ ሲወጣ እርሳቸውን አስወጥቶ ግንቡን ይዞ ቀረ። የእጮኛዋ ወገኖች አጠገቧ ቆመው ነበርና ሹምነሽ ይህን ማንሳት አፈረች። የመጨረሻውን ስም ጠርታ እንደ ጨረሰች ግንቡ ከፊቷ ጠፋ።

«የዛይራን ዘር ሳላመጣ ይህን ኮረብታ ብረግጥ ምድር ትፍረድብኝ!» ብላ ማለች። ምክንያቷን ግን ለማንም አልተናገረችም። የእናቷ ታናሽ ወንድም ጋሼ ጎላን ሰይፋቸውን ታጥቀው ተከተሏት።

የዛይራን ዘር ፍለጋ በወጡ በዘጠነኛው ቀን ከአንድ ገደል ሥር ዋርሳን የሚባለው ባለ ነሐስ ቅርፊት ዘንዶ ከወንዝ ውኃ ተነሣባቸው። ዋርሳን የሚደብቀው ነገር ያለውን ሰው አያሳልፍም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፍጥረት እንደ ቁርስ ነው የሚያየኝ» አሉ ጋሼ ጎላን። «በሆድሽ የያዝሽው ካለ አሁኑኑ አውጪው!»

«ዛይራን ሆን ብዬ ነው የዘለልኳት፣ ጋሼ።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። አጠገብሽ ቆሜ የለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔም አፍሬ ነዋ!»

ዘንዶው ሁለቱንም አሸተተና ወደ ውኃው ተመለሰ።

ከገደሉ ማዶ ትርንጎ የምትባል ንብ አናቢ የዛይራ የመጨረሻ ወራሽ ሆና አገኟት፤ የሆነውንም ነገሯት።

«ርስቴን ልትመልሺ ነው የመጣሽው ወይስ ሰዎችሽን ልትወስጂ?»

«ሰዎቼን» አለች ሹምነሽ አቀርቅራ።

«ቢያንስ አትዋሺም» ብላ ትርንጎ ተነሣች።

በኮረብታው ላይ ትርንጎ የዛይራን ስም ስትጠራ የግንቡ በር ብቻውን በአየር ላይ ተገለጠ።

«ከአያቶቼ የሰማሁትን ልንገራችሁ» አለች። «ግንቡ ሰዎቹን የሚለቀው በምትክ ነው። ዛይራን ካስወጣው እንግዳ ዘር አንድ ሰው ገብቶ ይቀራል።»

ተራው የማን እንደ ሆነ ሹምነሽ ታውቃለች። የያዛትም የከለከላትም አልነበረም። አንድ እርምጃ ሄደች። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆመች።

በዚያች ትንፋሽ ጋሼ ጎላን አለፏት።

«ጋሼ! የእኔ ነው!»

«ሰይፌን ለእናትሽ ስጪያት» አሉ ሰይፋቸውን ሣሩ ላይ እየጣሉ። «ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች፤ ይኸው፣ አሸነፈችኝ በያት።»

ስልሳ አንዱ ሰዎች፣ የጋጋሪዎቹ እጅ ላይ እንኳ ሊጡ ሳይደርቅ፣ ምንም እንዳልሆነ እያወሩ ወጡ። በሩም ጋሼ ጎላንን ውስጡ አስቀርቶ ጠፋ።

እናቷ ዙሪያውን አዩ። «ጎላንስ?»

ሹምነሽ ስለ ስሙ ተናገረች፤ ስለዚያች ትንፋሽም ተናገረች። እናቷ ሰይፉን ከእጇ ተቀብለው ታጠቁት።

ትርንጎ ኮረብታውን ተረከበች፤ ግንብ ግን አልሠራችበትም። ዛሬ ልጆቿ ገብስ ይዘሩበታል።